በተወለድኩባት ከተማ የውጭ ተማሪ

የተወለድኩት ካርቱም፣ ካላክላ የሚባል ሰፈር ነው። ያም ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተመዘገብኩት «ዋፊዲን» ከሚሏቸው የውጭ ተማሪዎች ጋር ነበር፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ኢትዮጵያዊት ነች ይላላ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከተማዋን ሊያሳዩን አውቶቡስ ላይ ጫኑን። የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ በየተራ «ካርቱምን ለምን መረጣችሁ?» ይል ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠችው የቻድ ልጅ «አጎቴ እዚህ ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው እዚህ መማር ነው» አለች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«እኔ አልመጣሁም፤ እዚሁ ነበርኩ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እግሬ ግን ወለሉን መምታት አልተወም። በሰፈራችን ካለነው ሐበሾች ካርቱምን የመረጠ ሰው አላውቅም ነበር። ሁሉም ወደ ሌላ አገር ሊያልፍባት መጥቶ የቀረ ነው። ወሬያችን ማን ሄደ፣ ማን ሊሄድ ነው የሚል ብቻ ነበር።

ልጅቷን ወደድኳትና በሐፍላ፣ በዚያ በተጨናነቀ ሚኒባስ፣ ቤት ይዣት ሄድኩ። እናቴ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ገና መመለሷ ነበር።

«አገሯ ዩኒቨርሲቲ የለም እንዴ? ጠይቂያት እስቲ» አለችኝ።

የእናቴ ዐረብኛ ከሥራ ቤቷ ትእዛዝ አያልፍምና ለልጅቷ ተረጎምኩላት። «አለ፤ እኔ ግን የዚህን ነው የፈለግኩት» አለች ልጅቷ።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ከሥራና ከቤት በቀር ከተማውን አላየሁትም» አለች እናቴ፤ ምግብ ልታቀርብም ተነሳች።

ከዚያ በኋላ አብረን ማጥናት ጀመርን። እሷ ቤተ መጻሕፍት አንዴ ከተቀመጠች አትነቃነቅም። እኔ ወንበር እቀያይራለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ በስልኬ የሌላ አገር የትምህርት ዕድል እፈልጋለሁ። አንድ ቀን መጽሐፏን ዘጋችና «ወላሂ፣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽም እዚህ የለሽም» አለችኝ። እውነቷን ስለነበር ተናደድኩ፤ እስከ ማግስቱ አላናገርኳትም።

ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። እሷ በምዕራብ ወደ አገሯ፣ እኔና እናቴ በገዳሪፍ አድርገን ወደ መተማ ወጣን። እሷ አገሯ ገብታ ከአንደኛ ዓመት እንደገና ጀምራለች፤ ካርቱም ስትከፈት እመለሳለሁ፣ ኢንሻላህ፣ ትለኛለች። እኔ አዲስ አበባ ተከራይተን በምንኖርባት ክፍል ውስጥ የውጭ ትምህርት ማመልከቻ ቅጽ እጀምራለሁ፣ ሳልጨርሰው ሌላ እከፍታለሁ።

«አንዱን ያዢ እንጂ ልጄ» ትለኛለች እናቴ።

«እሺ» እላትና ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ።