ለቤታችን የመጣው ጸሎት

ኖርዝ ዮርክ ቤት የገዛን ሰሞን እንደ ጎረቤታችን ግቢ ያበሳጨኝ ነገር የለም። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ የደረጃው እንጨት በስብሷል፣ መጋረጃው ተገልጦ አያውቅም። ሰው ይኖርበታል ብዬ ስላልገመትኩ አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳሁም። ለሲቲው ማዘጋጃ ቤት ሪፖርት ላደርግ ግን ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ የቸርች ሰዎች ቤታችን መጥተው ሊጸልዩልን ተቀጣጠርን። እኔና ባለቤቴ እናቴን ቤት ትተን ወጥተን፣ ዳቦ ገዝተን ስንመለስ ቀድመውን ደርሰዋል፤ ግን ያሉት ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ እጅጌያቸውን ጠቅልለው አረም ይነቅላሉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ። «ቤት ቀስ እያለ ነው የሚስተካከለው።»

«ጋሽ ታደሰ፣ የኛ ቤት እኮ ያኛው ነው» አልኳቸው አፍሬ።

ሁሉም ዞረው አዲስ ቀለም የተቀባውን ቤታችንን አዩ። የሳቀ ግን አልነበረም። ጋሽ ታደሰ የያዙትን አረም ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና የተዘጋውን በር ተመለከቱ።

«ቅድም እዚህ በር ላይ ቆመን ስንጸልይ፣ ከውስጥ የደከመ ድምፅ ‹አሜን› ይለን ነበር» አሉ። «እኛ እናትህ መስለውን ነው።»