ሲስተር ሴናይዳ ሁለት ጊዜ የሞላችው መጠይቅ

ሴናይዳ ፖማ ተራራ ላይ በተሠራችው በዋንካዮ ከተማ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ቋሚ ተቀጣሪ ሆና አታውቅም። ኮንትራቷ የሚታደሰው በየሦስት ወሩ ነው፤ እሱም የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ኦርፌሊንዳ "ተባባሪ ናት" ብላ ስትጽፍላት። ባሏ የማዕድን አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ቤት ከዋለ ሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሴናይዳ ተባባሪ ናት። ፈረቃ ሲጎድል ትሞላለች፣ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራለች፣ እንዴት ነሽ ሲሏት "ደህና" ትላለች። ምን ታድርግ?

በሰኔ ሚሉስካ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከዋና ከተማው ከሊማ መጣች። የተራራው ከፍታ ራሷን ስለሚፈልጣት፣ ለዚሁ የሚጠጣው የኮካ ቅጠል ሻይ ኩባያ ከእጇ አይለይም። ይዛ የመጣችው የጤና ሠራተኛ በሥራው ምን ያህል እንደዛለ የሚለካ መጠይቅ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ወደ እስፓኝኛ የመለሰው ማን እንደሆነ እንጃ፤ አንድም ቀን አልጋ አንጥፎ የማያውቅ ሰው መሆኑ ግን ያስታውቃል። የሚሉስካ ሥራ ከነርሶቹ ጋር ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በነሱ አነጋገር ማስተካከል ነበር።

"'በሥራዬ ሳቢያ ስሜቴ ተሟጧል' የሚለውን እንዴት ይረዱታል፣ ሲስተር?"

ሴናይዳ ሳቋ መጣ። "የኔ ልጅ፣ ስለ ሰው ነው ስለ ጋን የምትጠይቂኝ? እዚህ እንዲህ ብሎ የሚያወራ የለም።"

"ታዲያ እናንተ ምን ትላላችሁ?"

"እኛማ 'ደህና ነኝ' ነው የምንለው።"

ልጅቷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀች። ሴናይዳን እንዲህ አድርጎ የጠበቃት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሳታስበው አመለጣት።

"ከፈረቃ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ 'ወራጅ' ማለት ያቅተኛል። ፌርማታዬ እያየሁት ያልፋል።"

"ይኼንኑ ልጻፈው?"

"ጻፊው እንግዲህ።"

የመጠይቁ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ይኸው ሆነ። ሚሉስካ የተስተካከለውን ቅጽ አባዝታ ለሃያ ስምንቱም ነርሶች አደለች። "ስም አይጻፍም" አለች። "ክፍሉ መዛሉ ከታየ፣ ውጤቱን ይዤ ተጨማሪ ነርስ እንዲቀጠርላችሁ እከራከራለሁ።"

ሴናይዳ በምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ ሞላችው። "ሕመምተኛው ምን እንደሚሆን ግድ የማይሰጠኝ ጊዜ አለ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ማክሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ የነበሩት፣ ሐውሃ ከምትባል ከተማ የመጡ አሮጊት ሲሞቱ፣ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "አንድ አልጋ ቀለለኝ" የሚል ነበር። ከዚያ አይብ የፈሰሰበት ድንቿን ጥርግ አድርጋ በላች። ልጃቸው መጥታ "እናቴ ምን ብላ ሞተች?" ስትላት ነው የአሮጊቷን ስም እንኳ እንደማታውቅ ያወቀችው። መልሶቹ ከ"በጭራሽ" እስከ "በየቀኑ" ነበሩ፤ "በየቀኑ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ፣ ስሟና የፈቃድ ቁጥሯ የተቀረጸበትን ቲተር ከኪሷ አወጣችና ከቅጹ ግርጌ መታችው። በዚያ ሆስፒታል ቲተር ያልተመታበት ወረቀት፣ የፋሻ መጠየቂያም ቢሆን፣ ተመላሽ ነው። እጇ ያደረገውን አላስተዋለችም።

ከክፍሉ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በአለቃዋ እጅ ያልፋል። በማግስቱ ሲስተር ኦርፌሊንዳ መድኃኒት ማከማቻው ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችባት።

"ሴናይዳ፣ አብደሻል?"

"ስም አይጻፍም ተብለን ነበር እኮ።"

"አንቺማ ስምሽን ከነፈቃድ ቁጥርሽ መታሽበት!"

ሴናይዳ ወረቀቱን ተቀብላ ግርጌው ላይ የገዛ ስሟን አየች። "ሌሎቹስ አልመቱም?"

"ሁላችሁም መትታችኋል። ሌሎቹ ግን 'በጭራሽ' ብለው ነው የመቱት።"

"ኢርማም? ልብስ ማጠቢያ እየገባች የምታለቅሰው ኢርማ?"

"ኢርማም። ይኼ ነገር ዳይሬክተሩ ጋ ሳይደርስ ሊማ አይሄድም። ኮንትራትሽ ደግሞ ሰኞ ያልቃል። ሕመምተኛ ግድ አይሰጠኝም የምትል ነርስ ኮንትራት የሚያድስ ይመስልሻል?"

"ግርጌውን ቆርጬ ብሰጠውስ?"

"ቲተር የሌለበት ወረቀት መቼ ተቀብሎ ያውቃል?"

ሴናይዳ ባሏን አሰበች፤ የኦክስጅኑን ሲሊንደር አሰበች። "እርስዎስ ምን ብለው ሞሉ?" አለች።

ኦርፌሊንዳ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። "ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ" አለች። ከዚያ የሴናይዳን ቅጽ አራት ቦታ ቀደደችና፣ ያገለገለ ፋሻና የደም ጥጥ የሚጣልበት ቀይ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ባዶ ቅጽ ዘረጋችላት።

ሴናይዳ ቆማ ሞላች። በጭራሽ። በጭራሽ። ሦስተኛውን፣ ከገዛ አፏ የወጣውን፣ በጭራሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ነበር የጠየቃት፣ ያቺንም ልጅ ልትዋሻት ነው። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሃያ ሁለቱንም ጥያቄ ጨርሳ ቲተሯን መታችበት።

አለቃዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይታ ከሌሎቹ ጋር ደመረችው። "አየሽ፣ አለቀ" አለች፣ ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ።

"ተጨማሪ ነርስ ግን አትመጣም፣ አይደል?"

"ማን ዛለና ትመጣለች?" አለች ኦርፌሊንዳ፣ በሩን እየከፈተችላት።