ልብስ ሰፊው ውበቱ ጀርባውን ያቀናበት ዓመት

መካነ ሰላም ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊው ውበቱ ያለ ቀናተኛ አላየሁም። ጎረቤቱ ስለነበርሁ አውቃለሁ። ሚስቱ ሐረግ ደጅ ወጥታ ዶሮ ስትጠራ እንኳ ማንን እንደምትጠራ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር።

ቅናቱ የጀመረው በድርቁ ጊዜ ነው። በስልሳ አምስት ሰዉ የለበሰውን ሸጦ ሲበላ ማን ልብስ ያሰፋል? ውበቱ የተቀደደ የእርዳታ ጆንያ ሲጠቅም እየዋለ ለድካሙ እህል ይሰፍሩለት ነበር። ጀርባው የጎበጠውም ሐረግን ያገባትም በዚያው ሰሞን ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ጠላ ሲቀምስ፣ "እሷ ያገባችው እህሉን ነው እንጂ እኔን አይደለም" ይለኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ብመክረውም አልሰማኝ።

አብዮቱ ሲመጣ አሻግሬ የሚባል የሚሊሻ አሰልጣኝ አብሮ መጣ። ወታደር የነበረ፣ ቁመናው የተስተካከለ ሰው ነው። ገበሬውን የሚያሰለጥነው ከውበቱ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሐረግ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ አየችውና፣ "አቤት አቋቋም! ወላሂ፣ ወንድ እንዲህ ነው እንጂ!" አለች። በቃ፣ አለቀ። ውበቱ የያዘውን ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፋው።

ሌላ ባል ቢሆን ይጣላት ነበር። እሱ ጀርባውን ሊያቀና ተነሣ። ከአቡጀዲ በትከሻና በብብት የሚታሰር መታጠቂያ ሰፋና ከኋላው የግራር እሾህ ሰካበት። ቀና ካለ ጨርቁ ይላላል፤ ከጎበጠ ግን ይወጠርና እሾሁ ይወጋዋል። ከስፌቱ ላይ "ውይ!" ሲል መንገደኛው ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ጧት ጧት ደግሞ አሻግሬ የሚያሠራውን እንቅስቃሴ በበሩ ስንጥቅ እያየ ይሠራል። ተረከዙንና ማጅራቱን ከግድግዳ አጣብቆ ክንዱን ወደ ላይ ይሰዳል፤ በደረቱ ተኝቶ ትከሻውን ያነሣል። ሐረግ "ምን ነካህ አንተ?" ስትለው ተረከዙን ይበልጥ ከግድግዳው ያጣብቃል። ዓመት ሳይሞላ ጀርባው ቀና። ቅናቱ ግን ባሰበት።

በስልሳ ዘጠኝ የዘመቻ ጥሪ ሆነና ከደሴ መልማዮች ካሚዮን ይዘው መጡ። የከተማው ወንድ ሜዳው ላይ ተሰለፈ። አንካሳውን፣ ሽማግሌውን፣ ጎባጣውን "አንተ ወደ ቤትህ" ይላሉ፤ የቀረው ወደ ካሚዮኑ ይሄዳል። አሻግሬ አሰልጣኝ ነውና ከተማው ውስጥ ይቀራል፤ ሰልፉን እያስተካከለ ይመላለሳል። ውበቱ ይህን ሁሉ ያያል። ትንሽ ጎበጥ ቢል ወደ ስፌቱ ይመለስ ነበር።

ሐረግም ገብቷታል። ከሴቶቹ መሃል ሆና፣ "ውበቱ! በማርያም፣ እንደ ድሮህ ጎበጥ በል!" ብላ ጮኸች።

ጭራሽ ዓይኑ ደም ለበሰ። በአሻግሬ ፊት ልታሳንሰው የፈለገች መሰለው። ይባስ ብሎ ደረቱን ነፋ። መልማዩ ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ "ይሄ ደህና ነው፣ ውጣ" አለው።

ካሚዮኑ ሲነሣ ሐረግ ነጠላዋ እየተጎተተ ከኋላ ሮጠች። "ኧረ እኔን እየኝ! አንድ ጊዜ እየኝ!" ትላለች። ውበቱ ካሚዮኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በእሷ ራስ ላይ አሳልፎ እያየ፣ አሻግሬ ከኋላዋ ይኖር እንደሆነ በዓይኑ ይፈልግ ነበር።