ባዶዋ ጥይት

ባለፈው እሑድ ፒያሳ ላይ አንድ ሚዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ሲተኩስ አየሁና በንቀት ፊቴን አዞርኩ። የባሩዱ ሽታ ግን የወጣትነቴን ከተማ ሐርቡን አስታወሰኝ።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ጦር ሜዳ ጀግንነቱ አውርቶ የማይጠግበው አጎቴ እንድሪስ፣ ውኃው በደረቀ ወንዝ ውስጥ ጣሳ አቁሞ ኢላማ ያስተምረኝ ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምለው። ቃታውን በሳብኩ ቁጥር እጄ ይደነግጥና አፈሙዙ ይደፋል።

«ወላሂ፣ ገና ሳይጮህ ትሸሺዋለሽ! ቀስ ብለሽ ጨምቂው፤ መቼ እንደሚፈነዳ አትጠብቂ» እያለ ይስቅብኛል።

ከጥይቶቹ መሃል ባሩድ የሌላት አንዲት ይደባልቃል። ሽጉጡ ቀጭ ብሎ ብቻ ሲቀር፣ በከንቱ የደነገጠው እጄ ይጋለጣል። ከብዙ ሳምንት በኋላ እጄ ረጋ።

አንድ ቀን ሽጉጡን ራሴ አጎረስኩና ባዶዋን ፊት አደረግኳት። «አሁን ደግሞ እርስዎ ያሳዩኝ» አልኩት። ደረቱን ነፍቶ አነጣጠረ። ቀጭ! አፈሙዙ ከኔም ብሶ ተደፋ፤ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል።

ቆይቶ ገለጣቸውና «ጦር ሜዳም እንዲሁ ነበርኩ። በአላህ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ።

ለማንም አልነገርኩም፤ ግን ናቅኩት። ዛሬም እንደናቅኩት ነኝ። እጄን ያረጋልኝ ግን እሱ ነው።