ማሽኑ እምቢ ያለው የላስታ ቆጠራ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ነው። ፀጉሬ ሸብቶም ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ፣ ልጻፈውና ምናልባት ይቅለለኝ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። ከየአውራጃው የሚመጣውን የቤተሰብና የከብት ቆጠራ ማሽኑ ደምሮ በሠንጠረዥ እንዲያወጣ የሚያዘውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ያኔ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰው ጥቂት ስለነበር ኩራቴ አይጣል ነበር።

ለእያንዳንዱ አውራጃ ለብቻው ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ የሌሎቹ አውራጃዎች ያለ ችግር ወጡ። የላስታው ግን «የማይታወቅ ምልክት አለ» እያለ ይቆማል። የጠቆመኝን የፕሮግራም መስመር ሦስት ቀን ሙሉ ፊደል በፊደል አየሁት፤ ምንም የለበትም። እኔ ደግሞ አልሳሳትም! ስለዚህ ለአለቃዬ «ጥፋቱ የመረጃ ሰብሳቢው ነው» አልኩት።

መረጃ ሰብሳቢው ጋሽ ጌጡ የላሊበላ አካባቢ ተወላጅ ነበሩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸውና ቆጠራውን እንዲደግሙ ታዘዙ። እኔም እንድቆጣጠር ተላክሁ።

ከአሸተን ማርያም ሥር ካሉት መንደሮች ጀመርን። እኔን ዳገቱ ነፍሴን ሊያወጣት ደርሷል፤ እሳቸው ቅጾቹን ተሸክመው ከፊት ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ደጅ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገና ሲያዩን ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ ጌጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለህ ምለህልን አልነበር? ልጅ ሁለቴ የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ለዘመቻ ነው ለሠፈራ?»

«ኧረ አባባ፣ ለሁለቱም አይደለም። ስህተት ተገኝቶብኝ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ልጅ የለውም ብለህ ጻፍ።»

በፊተኛው ቅጽ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ጋሽ ጌጡ አቀርቅረው «የለም» ብለው ጻፉ። በየደጁ እንዲሁ ሆነ። ጎረምሶቹ ወደ ገደሉ ሸሹ። የጋሽ ጌጡ አብሮ አደጎች እንኳ አረፍ በል አላሏቸውም።

ተመልሼ አዲሱን ቆጠራ ሳስገባ ማሽኑ ያንኑ አለኝ። ጸሐፊዋ ባልደረባዬ «ዓይንሽ ካላየው፣ መስመሩን አጥፊውና እንደ አዲስ ጻፊው» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ሠራ! የድሮውን ቅጂ እያንዳንዱን ፊደል በኮድ ቁጥሩ አሳትሜ ሳየው፣ በሁለት ቃላት መካከል ስክሪን ላይ የማይታይ፣ ወረቀት ላይም የማይታተም አንድ ምልክት ተሰንቅሯል። የገዛ ጣቴ ሳላውቅ የነካው ቁልፍ ነው። የጋሽ ጌጡ የመጀመሪያ ቆጠራ ያለ አንዳች እንከን ወጣ። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ለአለቃዬ «ተስተካክሏል» ብቻ አልኩት። ያኔ ስህተት አሻጥር ሊባል ይችል ስለነበር ፈራሁ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፣ ከፍርሃቱ ይልቅ አፌን የያዘው ኩራቴ ነው። ጋሽ ጌጡ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ሰበብ ከሥራ ተሰናበቱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያው አገር ለሥራ ስሄድ ፍላቂት ገበያ ገብስ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ልሸሽ ስል አዩኝ። ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እቴ፣ በኔ ጥፋት ያን ሁሉ መንገድ ተንከራተትሽ። የቱ ቤት ላይ እንደተሳሳትሁ እስከ ዛሬ ባስበው አላገኘሁትም። ይቅር በይኝ።»

አሁን ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እግዜር ይቅር ይበልዎ» የሚል ነበር። እፎይ ብለው መረቁኝ።

ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን፣ በዳይዋ እኔ ሆኜ ሳለ ይቅርታ አድራጊዋም እኔ መሆኔ ነው።