ኖይን ያበላንበት ቀን

ይህ ነገር ከደረሰ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ እንዲሁ ረሺ ሰው ነኝ፤ መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግሁ ጠፍቶብኝ ስዞር እውላለሁ። ይቺን ቀን ግን ከነሰዓቷ አስታውሳታለሁ። በደግነት ያደረግሁት ነገር ስለሆነ ነው መሰለኝ የማይለቀኝ። በክፋት አድርጌው ቢሆን ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር።

ያኔ ሲያትል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ከእኔ ጋር ኖይ የምትባል የታይላንድ ሴት ነበረች። ትኩሱን አንሶላ ከማድረቂያው እናወጣና እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እናጥፋለን። አንሶላ ለሁለት ያጠፈ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ፣ ትገናኛላችሁ፣ ደግሞ ትመለሳላችሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ስንገናኝና ስንመለስ በተሰባበረው እንግሊዝኛችን ያላወራነው ነገር የለም።

እነሱም አገር እንደኛው ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። ለታላቅ እህት «ፒ» ይላሉ። በስምንት ዓመት ስለምበልጣት «ፒ የሺ» ነበር የምትለኝ።

ኖይ ቻይ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ፣ እናትየዋ ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቻይ ባንኮክ ውስጥ ሰው በሞተር ሳይክል እያመላለሰ ይተዳደር ነበር። በዚያ ዓመት የባንኮክ ሕዝብ መንግሥት ይውረድ ብሎ አደባባይ ወጣ። መንገዱን ዘግተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ፊሽካ እየነፉ ስንት ሳምንት ተቀመጡ። ቻይም አብሮ ተቀመጠ። እናትየዋ ደግሞ መንግሥትን የምትደግፍ ሆና አረፈችው!

«እማዬ አንድ ቻናል ታያለች፣ ቻይ ሌላ ቻናል ያያል» አለችኝ ኖይ። «የእማዬ ቻናል ወሮበሎች ናቸው ይላል። የቻይ ቻናል አገር ሊያድኑ የወጡ ናቸው ይላል። አሁን አብረው እንኳ አይበሉም። እኔ ነኝ ከዚህ ሆኜ በስልክ የማስታርቃቸው።»

«እኛም ዘንድ ያው ነው እህቴ» አልኳት። ስንቱን ቤት አስቤ።

የእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ነበር። ማኔጀሩ ድምፁን አጥፍቶ ዜና ከፍቶ ይሄዳል። ኖይ የአገሯ ነገር ይመጣል ብላ ምሳዋን ይዛ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። ሲመጣም ከአየር ጠባዩና ከኳሱ መሃል ብልጭ ብሎ ነው የሚያልፈው። እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን የሆቴሉን ሸትል የሚነዳው በቀለ «አይዞሽ ኖይ፣ እኛን ደግሞ ከውሻ ውድድር በኋላ ነው የሚያሳዩን» ይላታል። እሷም ትስቅለታለች።

አንድ ቅዳሜ ለቻይ ስጦታ ልትልክለት ፈልጋ አብረን ኬንት ገበያ ሄደን ነበር። የሲያትል ቡድን ማልያ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ እጅጌው ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ያለበት፣ እኔ መረጥኩላት። ደርሶት ለብሶ ፎቶ ላከ። ፎቶውን ለሆቴሉ ሰው ሁሉ አሳየች፤ እንግዳ ክፍል ውስጥ ያደረውን ፓይለት እንኳ አልማረችውም።

ከዚያ ተጣሉ። ድንኳኑን ትተህ ወደ እናትህ ቤት ግባ ብትለው እምቢ አለ። ተናደደችና «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። አራት ቀን ሳትደውል ቆየች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ፣ «ፒ የሺ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ እደውልለታለሁ። እዚያ ጠዋት ይሆናል፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ አገኘዋለሁ። ይቅርታ እለዋለሁ» አለችኝ።

«ደግ አሰብሽ» አልኳት። ይህን እያወቅሁ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ እነሳለሁ፤ አሁንም ተነስቼ ነው የመጣሁት።

ማድረቂያው ብቻውን ስለማይተው እረፍት የምንወጣው በየተራ ነው። አራት ሰዓት ላይ እኔ ወጣሁ። እረፍት ክፍሉ ውስጥ እትዬ ብርቄ ብቻ ነበሩ፤ ፎጣ የሚያጥፉ፣ ሁላችንም እንደ እናት የምናያቸው ሴት ናቸው። ቀና ብል ቴሌቪዥኑ ባንኮክን ያሳያል። ጭስ አለ። ሰው ይሮጣል። አራት ሰዎች አንድ ወጣት በእጅና በእግሩ ይዘው እየሮጡ በካሜራው ፊት አለፉ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። የለበሰው ጥቁር ሰማያዊ ማልያ ነው፣ እጅጌው ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ አለ።

ፊቱንም አየሁት። ያ ፎቶው ላይ የሚስቀው ልጅ ነው። ከሥር ጽሑፍ ይሮጣል። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት ከሳሙና ካርቶንና ከአውቶቡስ ላይ ነው፤ የሚሮጥ ጽሑፍ ከዓይኔ ቀድሞ ያልፋል። ወዲያው የአየር ጠባይ መጣ።

«እትዬ ብርቄ፣ የኖይ ወንድም ሞተ» አልኳቸው።

«ማን አለሽ?»

«አሁን አየሁት። በዚህ በዓይኔ።»

በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። እኔ ልነግራት ወደ በሩ ስሄድ ክንዴን ጨብጠው አስቆሙኝ።

«ወዴት ነው? በዚህ ማሽን ጩኸት መሃል ልታረጂያት? ቆማ? እህል ባልቀመሰ አፏ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንደ ወጉ ነው እንጂ! እናት አባቷ እዚህ የሉ፣ ዘመድ የላት። እኛ ነን ዘመዶቿ። ቤት እንውሰዳት። ትብላ። ሰው ሰብሰብ ይበልና ይነገራታል።»

እውነት ለመናገር ልቤ አረፈ። የማውቀው ነገር ነበራ። እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የሰማሁት በስድስተኛው ቀን ነው፤ ጎረቤቶቼ አንድ እሁድ ጠዋት ተሰብስበው መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውኝ። ቢዘገይም አልተቀየምኳቸውም። ተይዤ ነዋ የወደቅሁት።

ስልክ ይዞ ማጠቢያው ክፍል መግባት አይፈቀድም። የኔና የኖይ ሎከር አንድ ነበር። ሄጄ ስከፍተው ስልኳ እየተንቀጠቀጠ ነው። የእናቷ ፎቶ ይታያል። ቆመ፤ ወዲያው እንደገና ጀመረ። እነዚህ ሰዎች በስልክ ሊያረዷት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ኦፍ አደረግሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ተመልሼ አምስት ሰዓት ሙሉ አንሶላ አጠፍኩ። ወደ ፊት ሄድን፣ ተገናኘን፣ ተመለስን። በምሳዋ ሰዓት እትዬ ብርቄ የነገሩት በቀለ ቴሌቪዥኑን ምግብ ወደሚሠራበት ቻናል ቀይሮ ሪሞቱን ደበቀባት።

«ምነው ዛሬ ደግ ሆናችሁ?» አለች። በቀለ ከማሽኑ ጭማቂ ገዝቶላታል፣ እትዬ ብርቄ ደግሞ ጀርባዋን እያሻሹ ያልፋሉ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስንወጣ ስልኳን ፈለገች። «ባትሪው ሞቶብሽ እኔ ጋ አስቀመጥኩት፤ ቤት ሄደን ቻርጅ እናደርገዋለን። ዛሬ እኔ ጋ ነው የምትበዪው፣ ቀይ ወጥ ሠርቻለሁ» አልኳት። ወጡ የትናንት ነው።

«ኦኬ፣ ግን ቶሎ። ቻይ ሞተሩን ይዞ ሳይወጣ» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ስትናገር የነበረችው ለቻይ የምትለውን ነው። መጀመሪያ ትቆጣዋለች፣ ከዚያ ይቅርታ ትለዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ትቆጣዋለች። «ለታናሽ ሙሉ ይቅርታ አይሰጥም» አለችና ሳቀች። እኔ መሪውን አንቄ ይዤ መንገዱን ብቻ አያለሁ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ብርቄና በቀለ በሰጠኋቸው ቁልፍ ቀድመውን ገብተው ነበር፣ ሁለት ጎረቤቶቼም ተጠርተዋል። እትዬ ብርቄ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ኖይ ግብዣ መስሏት ለሁሉም እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ እያለች ሰላምታ ሰጠች። እኛም አበላናት። በርበሬ ወዳጅ ናት፤ ጣቷን እየላሰች በላች። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አጎረስኳት። እንድትጠግብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደማትበላ ስለማውቅ።

ስትጨርስ «አሁን ስልኬን» አለች። እትዬ ብርቄን በዓይኔ ጠቀስኳቸው። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። እኔም በሌላ ጎኗ ልይዛት ተጠጋሁ። ቦርሳዬ ከጎኔ ተከፍቶ ነበርና ስልኩን አየችው፤ ራሷ አንስታ ከፈተችው።

መጀመሪያ የገረማት ባትሪው ነው። «ሙሉ ነው እኮ» አለችኝ። ቀጥሎ ያመለጣት ጥሪ መግባት ጀመረ። የእናቷ ነው፣ ሁሉም የእናቷ። ደወለች።

የተናገሩት በቋንቋቸው ነው፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ኖይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እየሰማች ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ የእትዬ ብርቄን ጥቁር ቀሚስ፣ ጎረቤቶቼን፣ በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ የቆመውን በቀለን። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያወቃችሁት?» አለች።

«ከጠዋቱ አራት ሰዓት» አልኳት። መዋሸት አልቻልኩም።

«በአራት ሰዓት በሕይወት ነበረ።»

ስልኩን ከጭኗ አንስታ አሳየችን።

«ሆስፒታል ነበረ። እየተናገረ። እኔን ጠራ። እማዬ ስትደውል፣ ስትደውል ነው የዋለችው። የሞተው አሁን ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት።»

ከአንድ ሰዓት በፊት እጃችንን እየታጠብን ነበር።

ቀጥላ የነገረችን ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያስነሳኝ። ስልኩ ስለተዘጋ በደወሉ ቁጥር ያ መልእክት የሚቀበለው ነገር ይወጣል፤ ኖይ ራሷ በእንግሊዝኛ የቀዳችው፣ «ሰላም፣ ኖይ ነኝ፣ አሁን ማንሳት አልቻልኩም» የሚለው። እናትየዋ ቻይ የእህቱን ድምፅ እንዲሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛ ደጋግማ ስትደውል ነበር።

«ድምፄን ሰምቷል» አለች ኖይ። «ግን እንግሊዝኛ አያውቅም። አንድ ቃል አልገባውም።»

በዚህ መሃል በቀለ ጥግ ላይ ሆኖ ያንኑ ዜና በስልኩ ፈልጎ አገኘው። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ አነበበልን። «ቁስለኞች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ» ነው የሚለው። ሞተ የሚል የለበትም።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ፤ አልገፋችኝም። በጣም በዝግታ፣ «አንቺ አምስት ሴኮንድ አይተሽ ቀበርሽው» አለችኝ። ከዚያ በቀለን ወደ ቤቴ አድርሰኝ ብላ ወጣች።

ለቀብሩ አገሯ ሄዳ ከወር በኋላ ተመለሰች። ወደ ሆቴሉ ግን አልመጣችም፤ ታኮማ ሌላ ሥራ ያዘች። እኔና እትዬ ብርቄ ይቅርታ ልንጠይቅ እቤቷ ሄድን። ፍራፍሬ ቆርጣ አቀረበች፣ ውኃ ሰጠችን። እትዬ ብርቄ ተነስተው ቆመው «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን ያስቆምኳት እኔ ነኝ» ሲሉ እኔ በማይረባው እንግሊዝኛዬ አስተረጎምኩ።

«እንደምትወዱኝ አውቃለሁ» አለች ኖይ። «በክፋት ቢሆን እጮህባችሁ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ይኸው መጮህ እንኳ አልቻልኩም።»

ስንወጣ በሩ ላይ «ደህና ሁኚ፣ የሺ» አለችኝ። «ፒ» የሚለውን አላለችውም። እኔም አልጠበቅሁም።

ከዚያ ወዲህ አገራቸው ስንት ነገር ሆነ፣ የእኛም አገር ስንት ነገር ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ሰው በእጅና በእግሩ ተይዞ ሲያልፍ ሳይ ድሮ «ነፍስ ይማር» እል ነበር። አሁን አልልም። ምናልባት ይናገር ይሆናል፣ ምናልባት ሰው እየጠራ ይሆናል እላለሁ፤ ቻናሉም ይቀየር ስባል ተዉት እላለሁ።

ወጋችንን አልጠላሁትም። እኔን ራሴን ይዞ ያቆመኝ እሱ ነው። ግን ለማን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚሆን ሳልጠይቅ በሰው ልጅ ላይ አደረግሁት። ሞቷል ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። አንድ ጥያቄ ነበር።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ባለፈው ለእህቴ አዲስ አበባ ደውዬ፣ «እማዬ አንድ ነገር ብትሆን ሰው እስኪሰበሰብ አትጠብቁ፤ ሥራ ላይም ልሁን፣ ብቻዬንም ልሁን፣ ያኔውኑ ደውሉልኝ» አልኳት።

«እሺ የኔ እናት፣ ምን በወጣሽ፣ እንነግርሻለን» አለችኝ፤ ያን የምታባብልበትን ድምፅ አውጥታ።

እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ።