ተፈወስኩ ያልኩት እግር

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ጎረቤቶቹ መጋደም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጭ አብጦ ጫማውን ይገፋል፤ ቀልቶ ያቃጥለኛል። እኔ ደግሞ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «አጥንቱን ቆርጠን እናቃናዋለን። ግን ስድስት ሳምንት መርገጥ የለም። አንዳንዴ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ካልተሠራ ደግሞ እየባሰ ነው የሚሄደው» አለኝ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ድረስ ቁርጤን እንዳሳውቀው ነገረኝ።

ፈራሁ። ባለቤቴ አርጆ ከተማ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቤት ያለነው እኔና እናቱ ነን። አማቴ ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን ውስጥ የሴቶች ጸሎት ይመራሉ። በዚያ ረቡዕ ጭንቀቴን ለሴቶቹ ተናገርኩ። ከበቡኝ፤ አንዷ እግሬን ይዛ አልቅሳ ጸለየች። እጇ ይሞቃል፤ እውነት ለመናገር ሕመሙ ለአፍታ ረገብ አለ። «ተሻለሽ?» አለችኝ። ያ ሁሉ ፊት እኔን ያያል። «ለቀቀኝ» አልኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት መድረክ ላይ ጠሩኝ። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ የመጣሁ ነኝ፤ እንደ እንግዳ መታየት ደክሞኝ ነበር መሰለኝ፣ ማይኩን ይዤ «እግሬ ተፈውሷል» አልኩ። እልልታው ጣሪያውን አነሳው። ከመድረኩ ስወርድ አጥንቱ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማነከስ ተከለከልኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ራሴው ነኝ። ክፍል ውስጥ ማስታገሻ በጠመኔ ሳጥን ደብቄ እውጣለሁ፤ መንገድ ላይ ሰው ሳይ እግሬን አስተካክዬ እረግጣለሁ። ተማሪ ፊት ቆሜ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ተረትና ምሳሌ የማስተምር ሴት! ቀዶ ጥገናውን ባደርግ ውሸታም፣ ባላደርግ ሽባ። ባለቤቴ በስልክ፣ «ተሠሪ። እናቴን ግን አንቺው ንገሪያት» አለኝ። ጀግናው ባሌ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሐሙስ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ካልሲዬ ደም ነክቶት ነበር። አማቴ ደጅ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

«አዮ፣» አልኳቸው፤ ልጆቻቸው ሁሉ እናታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሯቸው፤ «እግሬ አልዳነም። ዋሽቻለሁ። ነገ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ይሠራልኝ ልለው ነው።»

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰደው እግሬን ፈለጉ፤ መጀመሪያ የያዙት ግራውን ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ፤ «እኔም መስክሬያለሁ። ዓይኔ በራ ብዬ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው። ሐኪሞች ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብለውኝ ነበር። ከመሰከርኩ በኋላ በየት በኩል ልሂድ? በአንደኛው ምንም አላይበትም። አሁን ሁለተኛውም እየጨለመ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን የምገልጠው እንዲያው ነው፤ የማነበው በቃሌ ነው።»

አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየቆረስን፣ አላወቅሁም። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። በማን እንደተናደድኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው። «ሰው ምን ይላል?» አላሉኝም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ዓርብ ጠዋት አማቴ ክንዴን ይዘው ወጣን። እኔ ያለ ሃፍረት እያነከስኩ ነው። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ያቺ እግሬን ይዛ የጸለየችው ሴት ከፊታችን መጣች። ሰላም ብላን፣ «ወዴት ነው በጠዋቱ?» አለች። አማቴ ቀደሙኝ።

«ሐኪም ቤት። የሷም እግር አልዳነም፤ የኔም ዓይን አልዳነም። መስክረን ነበር፤ እውነት አልነበረም።»

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አማቴን ታያለች። አማቴ ትንሽ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሄደች?» አሉኝ።

ሴትየዋ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትርቅ ፊታቸው ቆማ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።